ከአልጋ ወረድ፣ ከደጅ ከፍ

«60 በ45፤ ውፍረቱ 10 ሳንቲ» አለች ወጣቷ።

ስፖንጅ ቆራጩ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀና ብሎ አያት። ቦታው መርካቶ ነው፤ ፍራሽና ስፖንጅ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ጠባብ ሱቅ። «ለሕፃን ከሆነ የአልጋውን ልክ አምጪ እንጂ እህቴ፣ እንዲህ በግምት አይሆንም።»

«ለሕፃን አይደለም፤ ለውሻ ነው።»

ቆራጩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ጭነት አውርዶ በሩ ላይ ትንፋሹን የሚሰበስበው ወዛደር ግን መዋጥ አልፈለገም። «ለውሻ ፍራሽ! እኔ ካርቶን አንጥፌ አይደል እንዴ የማድረው?» አለ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ እውነት። ማንም አልመለሰለትም። ቆራጩ ስፖንጁን በእስክሪብቶ አሰመረና ረጅሙን ቢላ እያመላለሰ ይቆርጠው ጀመር። «ስንት ኪሎ ነው ውሻው?» «5 አይሞላም።» «እንግዲያው ለስላሳው ይበቃዋል። ከባድ ቢሆን ኖሮ በ3 ወር ይጎደጉድ ነበር።» ቀጥሎ ስለ ጨርቁ ጠየቀ። ዚፕ ያለው፣ ወልቆ የሚታጠብ እንዲሆን ተስማሙ።

የወዛደሩን ቃል በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ሰው ላስቲክ ወጥሮ በሚያድርበት ከተማ ለውሻ ፍራሽ ማሰፋት ዓይን ይወጋል። ቢሆንም ወጣቷ ልጅነቷን ያሳለፈችው ግቢ ባለው ቤት ነው። ያኔ ውሻው በር ላይ ያድራል፣ ድመቷ ኩሽና፤ ጥያቄም አይነሳም። አሁን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ቤት ባለው ቤት ነው። ደጅ የሚባል ነገር የላትም። ካላት አንድ በረንዳ፣ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ለውሻው የሌሊት ቦታ መምረጥ አለባት። በረንዳው ይበርዳል፤ ውሻው እዚያ ካደረ ደግሞ እስኪነጋ ጮኾ ሕንፃውን ሙሉ ይቀሰቅሳል። ሳሎን ብቻውን ሲያድር በር ይቧጭራል። የቀረው መኝታ ቤቱ ነው።

በከተማችን ይህ ችግር የብዙ ሰው ችግር እየሆነ መጥቷል። ትናንሽ «የፈረንጅ ውሾች» በቴሌግራም ይሸጣሉ፤ መንገድ ዳር ቡችላ በካርቶን ይዘው የሚቆሙ ወጣቶችም አሉ። ድመቷም ዱሮ ለአይጥ ተብላ ነበር የምትያዘው፤ አሁን ለራሷ ተብላ የምትያዝባቸው ቤቶች በርክተዋል። ሰው እንስሳውን ሲያመጣ ስለሚበላው ነገር ይጠይቃል፣ ስለ ክትባቱም ምናልባት ይጠይቃል። የት እንደሚያድር የሚያስበው ግን በመጀመሪያው ምሽት፣ መብራቱን ሊያጠፋ ሲል ነው።

ያን ጊዜ ሁለት ሐሳብ ይመጣል። አንዱ «ውጣ!» ነው፤ ሌላው «ና ውጣ!» ነው፣ አልጋው ላይ። እኔ የምሟገትለት ለሦስተኛው ነው፦ ከአልጋው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ የራሱ በሆነ መኝታ።

ጥጃውና መደቡ

እንስሳ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደሩን የፈረንጅ ፋሽን ነው የሚሉ ሰዎች የአያቶቻቸውን ቤት ረስተውታል። በደጋው ገጠር ጥጃው፣ ግልገሉ፣ አንዳንዴም ፈረሱና በቅሎው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው መደቡ ላይ፣ ጥጃ ጋጣው ውስጥ። የጉራጌ ጎጆ ለከብቶቹ የሚሆን ወገን አለው። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ተራራ የሚኖሩት ዶርዜዎችም ከቀርከሃ የሚሠሩት ረጅም ቤት ውስጥ ለከብት የተከለለ ክፍል አለ። ምክንያቱ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ ከሁሉም በላይ ብርድ አለ። የከብት ገላ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይሰጣል፤ ለማገዶ የሚወጣ ነገር የለውም።

ግን እዩት፦ ጥጃው ቤት ውስጥ ነው እንጂ መደቡ ላይ አይደለም። ድንበር ነበረው። ጋጣው በእንጨት ይለያል፣ ወለሉ ጠዋት ጠዋት ይጠረጋል፣ በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል፤ አቧራና ቁንጫ እንዲቀንስ። እንስሳውን አስገብቶ ቦታውን መለየት ባላገሩ ጠንቅቆ የሚያውቀው ጥበብ ነበር። ውሻው ብቻ ከዚህ ሥርዓት ውጪ ቀረ። እርሱ ጠባቂ ነው፤ ቦታው ደጅ ነው። ጓዳ ከገባ ቤት አረከሰ ይባላል፤ ይህ አመለካከት እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ጠንካራ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰውም እናቱ ለጥየቃ በመጣች ቁጥር ይነሳል።

ከዚህ ልማድ የወጣው ታዋቂ ውሻ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ፣ ትንሹ ቺዋዋ፣ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ እግር ሥር ይታያል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስሙ ያልተገለጠ የቤተ መንግሥት ሠራተኛን ጠቅሶ፣ ሉሉ በንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ላይ እንዲተኛ ይፈቀድለት እንደነበር ጽፏል። መጽሐፉን የኢትዮጵያ ታሪክ አዋቂዎች ብዙ ተችተውታል፤ ሉሉንም የጃፓን ዘር አድርጎታል። ስለዚህ የአልጋውን ወሬ ወሬ ብሎ መያዝ ይሻላል። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንባቢ ሁሉ የማይረሳው ከውሻው ጋር የተያያዘው ገጽ መሆኑ።

ከአልጋው ላይ ምን ጠፋ?

አልጋው ላይ ቢተኛስ? እንቅልፍን በመሣሪያ የለኩ ተመራማሪዎች ለዚህ ከፊል መልስ አላቸው። አሜሪካ ውስጥ አሪዞና የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት የእንቅልፍ ሕመም የሌለባቸውን 40 ሰዎች ከነውሾቻቸው ለ7 ሌሊት ተከታትሏል። ሰዎቹ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ እጃቸው ላይ አሰሩ፤ ውሾቹም አንገታቸው ላይ። ሰዎቹ አልጋ ላይ ካሳለፉት ጊዜ በአማካይ 81 በመቶውን ተኝተውበታል፤ ይህ መጥፎ ቁጥር አይደለም። ልዩነቱ የመጣው በውሻው ቦታ ነው። ውሻው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ከአልጋ ውጪ ሲተኛ ባለቤቱ የተሻለ ይተኛል፤ አልጋው ላይ ሲወጣ እንቅልፉ ይቀንሳል። ጥናቱ ያለ ውሻ ቢተኙ ኖሮ እንዴት ይሆኑ እንደነበር አይነግረንም፤ ቡችላዎችንም አላካተተም። ቢሆንም የእኔን ሦስተኛ መንገድ የሚደግፍ ነውና ደስ ብሎኝ እጠቅሰዋለሁ።

ምክንያቱን ለመረዳት ውሻ እንዴት እንደሚተኛ ማወቅ ይጠቅማል። እኛ እንቅልፍን በአንድ ረጅም ጉዞ እንጨርሳለን፤ ውሻ ይቆራርጠዋል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ምልከታ ውሾች ሌሊት በአማካይ 16 ደቂቃ ያህል ተኝተው 5 ደቂቃ ያህል እንደሚነቁ መዝግቧል። በ8 ሰዓት ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ንቃት ውሻው ጆሮውን ያቆማል፣ ይዞራል፣ ይልሳል፣ ያካል፣ ቦታ ይቀይራል። ወለሉ ላይ ሲሆን ይህ ሁሉ የራሱ ጉዳይ ነው። አልጋው ላይ ሲሆን ግን ፍራሹ እንቅስቃሴውን ሁሉ ወደ ጎንህ ያደርሰዋል።

ሲያልምም እንዲሁ ነው። እግሩ ይንፈራገጣል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ አፉን ሳይከፍት ይጮኻል። ሰው «ቃዠ» ይላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሊዮን ላይ በድመቶች ባደረገው ምርምር፣ በሕልም ጊዜ አንጎሉ እንደነቃ ሆኖ ሰውነት የሚፈታበትን የእንቅልፍ ዓይነት ለይቶ አሳይቷል። ጡንቻን የሚያስረው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ድመቶቹ ተኝተው እያሉ ተነሥተው ያልነበረ አይጥ ያሳድዱ ነበር። በጤናማ እንስሳ እስሩ ሙሉ ለሙሉ አይጠብቅም፤ ለዚህ ነው ትንሽ ትንሽ የሚያመልጠው። እንዲህ ሲሆን በእጅ መነካካት አያስፈልግም። ደንግጦ የነቃ ውሻ፣ ባለቤቱንም ቢሆን፣ ሊነክስ ይችላል። በስሙ ዝግ ብሎ መጥራት ይበቃል።

ለትናንሾቹ ከአልጋ መውረድ ራሱ አደጋ ነው። የቺዋዋና የመሰል ዝርያዎች የፊት እግር አጥንት ቀጭን ስለሆነ ከሶፋና ከአልጋ ሲዘሉ መሰበሩ የእንስሳት ሐኪሞች ሁሉ የሚያውቁት ነው። የመርካቶዋን ደንበኛ ወደ ስፖንጅ ሱቅ ያመጣትም ይኸው ነበር፦ ውሻዋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድምፅ ሰምቶ ከአልጋ ሲዘል ሴራሚኩ ላይ አንሸራቶት አነከሰ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ሆኖም 4 ፎቅ ተሸክማው ወረደች፣ ታክሲ ፈለገች፣ ክሊኒክ እስኪከፈት በር ላይ ቆመች። በማግስቱ ሜትር ይዛ የውሻውን ርዝመት ለካች።

አለካኩ ቀላል ነው። ውሻው እግሩን ዘርግቶ በጎኑ ሲተኛ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መነሻ ይለካል፤ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ይጨመርበታል። ተጠቅልሎ ሲተኛ የለካ ሰው ጠባብ ያሰፋል። ድመት ግን ጥበቱን ትወዳለች። ጠርዙ ከፍ ያለ ቅርጫት፣ አንድ ጎኑ ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ የካርቶን ሳጥን፣ ያረጀ ሻንጣ፣ የትኛውም ይሆናታል። አብዛኛው ሰው ገንዘብ አውጥቶ የገዛው መኝታ ባዶ ሲያድር ድመቷ የመጣበት ካርቶን ውስጥ ገብታ የምትተኛው ለዚህ ነው።

ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የውጪው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ማሞቂያ ያለው ቤት ደግሞ ከስንት አንድ ነው። ሰው ይህን የሚያውቀው ከአልጋው ከፍታ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ነው። ወለሉ ሌላ አገር ነው። ሴራሚክና ሲሚንቶ ሙቀት ይስባሉ፤ በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ከቁርጭምጭሚት በታች ይነፍሳል፤ ያው የትንሽ ውሻ ሆድ ያለበት ቦታ ማለት ነው።

ድመት ሰውነቷን ለማሞቅ ተጨማሪ ጉልበት ሳታወጣ የምትኖርበት የአካባቢ ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ነው፤ የውሻው ከ20 እስከ 30 አካባቢ ይቆጠራል። ስለዚህ ድመት ሌሊት ብርድ ልብስህ ውስጥ የምትገባው በፍቅር ብቻ ነው ብለህ አትኩራ። የሞቀ ሥጋ አግኝታለች። ይህን ሙቀት መኝታዋ ውስጥ ካገኘች አልጋህን ትተወዋለች፣ ቢያንስ እስከ ንጋት።

እንዴት ታገኛለች? ስፖንጁ ወለሉን እንዳይነካ ከሥሩ አንድ ነገር ይግባ፤ የእንጨት ርብራብ፣ ጣውላ፣ ካልሆነም ድርብ ካርቶን። በላዩ ያረጀ ጋቢ ይነጠፍ። ጋቢ ለዚህ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ አየር ይይዛል፣ ይታጠባል፣ የባለቤቱንም ጠረን አይለቅም። ግን ጫፉ ላይ ያሉት ክሮች አስቀድመው ተቆርጠው ጠርዙ ይሰፋ። ድመት ክር ትውጣለች፤ ምላሷ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች ስላሉበት አንዴ የያዘችውን መትፋት ይቸግራታል። ረጅም ክር አንጀት ውስጥ ሲገባ አንጀቱን ሰብስቦ ይቆርጠዋል፤ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ነው። ባለሙያዎች ቤት ውስጥ ካሉ አደገኛ ነገሮች መካከል ክርን ከፊት የሚያሰልፉት ያለምክንያት አይደለም። በሞቀ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ላስቲክም ለቡችላ ጥሩ ነው፤ በካልሲ ወይም በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ሊሸሸው የሚችልበት ቦታ ተትቶለት። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ነገር ከቡችላ ጋር አላስተኛም፤ ሽቦ ያኝካል።

ቦታውም ይመረጥ። ከበሩ መስመር ውጪ፣ ከመስኮቱ ሥር ራቅ ብሎ፣ እጅ ከአልጋው ተንጠልጥሎ በሚደርስበት በኩል። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ የእጅ ርቀት ከስፖንጁ ውፍረት ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ቡችላ የሚያለቅሰው ለማናደድ አይደለም። እስከ ትናንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ ነበር የሚተኛው፤ ዛሬ ብቻውን ነው። ለቡችላ ብቻ መሆን የአደጋ ምልክት ነው፣ ስለዚህ ይጣራል። ዱሮ የሚሰጠው ምክር «ተወው፣ ይደክመዋል» ነበር። ይደክመዋል፤ ግን ፈርቶ ነው የሚደክመው። ሳጥኑን ከአልጋው አጠገብ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ወንበር ላይ ከፍ አድርጎ፣ ባለቤቱን እንዲያይ ማስቀመጥ ለቅሶውን በጣም ያሳጥረዋል። ሲያለቅስ አውጥቶ አልጋ ላይ ማቀፍ ግን የሚቀጥለውን ሳምንት ለቅሶ ዛሬ መግዛት ነው። እጅ ሰድዶ ማስሸተት፣ ዝግ ብሎ ማናገር፣ መልሶ መተኛት።

ሽንት ሌላ ነው። በልምድ የሚባለው፣ ቡችላ በወራት ዕድሜው ላይ አንድ ተጨምሮ በሚገኘው ሰዓት ያህል ሊይዝ ይችላል ነው። የ2 ወር ቡችላ ወደ 3 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ሌሊት ቢያንስ አንድ ጊዜ መነሳት ግድ ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ከሌሊቱ 8 ሰዓት 4 ፎቅ መውረድ ከባድ ብቻ ሳይሆን ስህተትም ሊሆን ይችላል፦ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ሌሎች ውሾች የሚውሉበት መሬት መርገጥ የለበትም። ፓርቮ የሚባለው ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። በረንዳ ላይ ጋዜጣ ማንጠፍ ይሻላል። መብራት ሳይበራ፣ ወሬ ሳይኖር፣ ጨዋታ ሳይኖር ይወጣል፣ ይጨርሳል፣ ይመለሳል። ሌሊት መነሳት አስደሳች ከሆነለት በየሌሊቱ ሰበብ ይፈልጋል።

ድመቷና ንጋት

ስለ ውሻ የተባለው ግማሹ ለድመት አይሠራም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንደሚባለው ነው፤ ድመት በተፈጥሮዋ ጠዋት ጎህ ሲቀድና ማታ ሲመሽ የምታድን እንስሳ ናት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፊትህ ላይ ቆማ ጢሟን አገጭህ ላይ የምታሻሸው ሰዓቷ ስለደረሰ ነው። ያን ጊዜ ተነሥቶ ምግብ የሰጠ ሰው ለዕድሜ ልክ ደወል ገዝቷል።

የሚሠራው ነገር ማታ የሚሠራ ነው። ከመኝታ በፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ገመድ ጎትቶ፣ ኳስ አንከባሎ ማሯሯጥ፤ ከዚያ የቀኑን ትልቁን ምግብ መስጠት። ድመት አድና፣ በልታ፣ ተልሳ ትተኛለች፤ ቅደም ተከተሉ የራሷ ነው። ጠዋት ደግሞ ባለቤቱ ከተነሣ በኋላ ወዲያው ሳይሆን ፊቱን ታጥቦ፣ ቡና ጥዶ ይስጣት። መነሳቱና ምግቡ ይለያዩ። ልማዱን መቀየር የጀመረ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ድመቷ ከመተዋ በፊት ይብስባታል። ዱሮ ይሠራ የነበረ ጩኸት ዛሬ ካልሠራ ከፍ አድርጋ ትሞክረዋለች። እዚያ ላይ የተሸነፈ ሰው ከፍ አድርጎ መጮህ እንደሚሠራ አስተማራት።

ቁንጫው የት ነው ያለው?

ለየብቻ ማስተኛት ከንጽሕና አንጻር የሚሰጠው ጥቅም ከሁሉ ያመዝናል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለውም ይህንኑ ነው። እንስሳው ላይ የሚታየው ቁንጫ ቤት ውስጥ ካለው ጥቂቱ ብቻ ነው። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ፀጉር ላይ አይጣበቅም፣ ይንሸራተትና እንስሳው በብዛት የሚተኛበት ቦታ ይወድቃል። የሚተኛው አልጋህ ላይ ከሆነ አልጋህ ላይ፣ ሶፋና ምንጣፍ እያዳረሰ ከሆነ በሁሉም ላይ። አንድ ቋሚ መኝታ ካለው ግን አብዛኛው እዚያው ይከማቻል። ጨርቁን በሳምንት አንድ ጊዜ 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ ማሽን ከሌለ የፈላ ውሃ መድፋት። ዚፑ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ አለ። ፐርሜትሪን የሚባለው ለውሻ የሚቀባ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ድመትን ይገድላል። የድመት ጉበት ሊሰባብረው አይችልም። «ለውሻ ከሆነ ግማሹን ለድመቷ» ብሎ ነገር የለም። የተቀባው ውሻና ድመቷ አብረው የሚተኙ ከሆነም ቢያንስ ለ3 ቀን ይለያዩ። የትኋን መርጫ ከመንፋት በፊትም የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

ከቁንጫ በላይ የሚያሰጋው ሌላ ነው። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ሰው ከሚጎዳባቸው አንዷ ናት። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶው የውሻ ነው። አዲስ አበቤ ፓስተር እያለ የሚጠራው ተቋም ለብዙ ዓመታት የተነከሰ ሰው የሚሮጥበት ቦታ ሆኖ የኖረውም ለዚህ ነው። መኝታ ቤት የሚገባ ውሻ በ3 ወሩ ይከተብ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ድመትም ትከተብ፤ እርሷም ይይዛታል። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ።

ቅርጫ ሌላው ነገር ነው። በበዓል ዋዜማ ከታረደው በሬ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ሲገኝ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጥቃቅን ትል ውሻው አንጀት ገብቶ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ እንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከፀጉሩ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። ሰው ውስጥ ሲገባ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ይበቅላል። ስለዚህ የታመመው ጉበት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ውሻው የተቀቀለ ይብላ፤ የትል መድኃኒቱን ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይውሰድ።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ድመትን ለማባረር ይቸኩላል። ፍርሃቱ ከቶክሶፕላዝማ ነው፤ መፍትሔው ግን ማባረር አይደለም። የድመት ዓይነ ምድር ውስጥ የሚወጣው ተውሳክ ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ አሸዋዋ በየቀኑ ከተጣለ፣ የሚጥለውም ሌላ ሰው ከሆነ፣ አደጋው በጣም ይቀንሳል። እዚህ አገር የሚያሰጋው ይልቁን ጥሬ ሥጋው ነው፤ ለሰውም ለድመቷም። አስም ያለበት ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የድመት አለርጂ የሚመጣው ከፀጉሩ ሳይሆን ከምራቋና ከቆዳዋ ከሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ከአልጋ በታች ማስተኛትም አያግደውም። እንዲህ ላለ ሰው የመኝታ ቤቱ በር ቢዘጋ ይሻላል።

ወፍና ሃምስተር ያለው ሰው በአጭሩ ይህን ይያዝ፦ ሃምስተር ሌሊቱን ሙሉ የሚሮጥ እንስሳ ነው፣ ከአልጋ አጠገብ አይሆንም። ወፍ ጭስ አይችልም፤ እጣን የሚጨስበትና ቡና የሚቆላበት ክፍል ለእርሱ አይደለም። ከሰል ማንደጃ ደግሞ ለማናቸውም አይደለም። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ካናሪ ወፍ በሽቦ ቤት ይዘው ይወርዱ የነበረው ትንሽ እንስሳ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ በመርዛማው ጋዝ ከሰው ቀድሞ ስለሚወድቅ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል የተኛ ሰው ወለሉ ላይ የተኛችውን ድመት ሲያስነሣት አልነሣ ካለችው በሩን ከፍቶ መውጣት ነው፣ መጠየቅ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ያዘጋጀ ሰው ዓርብ ማታ ይጀምር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች እንቅልፍ የሚያሳጡ ስለሆኑ ቅዳሜና እሑድ ይመቻሉ። ለጎረቤትም አስቀድሞ ይነገር፤ የብሎኬት ግድግዳ የሚደብቀው ነገር የለም። የመርካቶዋ ደንበኛ ፍራሹን ባነጠፈች ማታ ከግድግዳው ወዲያ ያሉትን እናት በር አንኳኩታ «እማማ፣ ዛሬ ማታ ትንሽ ሊረብሽዎት ይችላል፤ ከአልጋ ላወርደው ነው» አለቻቸው። እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ሰሟት። «አልጋ ላይ ነበር እንዴ እስካሁን?» አሉ። «አዬ ልጄ፣ እኔ ደግሞ ባል አግብተሽ የሚያንኮራፋው እርሱ መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር።»